የካፒቴን ስሎከም እኩሌታ ጀልባ

ዓለምን በሸራ ጀልባ ብቻውን ለመዞር የመጀመሪያው ሰው ካፒቴን ጆሹዋ ስሎከም ነው። በ1895 ዓ.ም. ከቦስተን ወደብ ተነሥቶ ሦስቱን ታላላቅ ውቅያኖሶች ካቋረጠና 46,000 ማይል ያህል ከተጓዘ በኋላ በ1898 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሲመለስ የ54 ዓመት ሰው ነበረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።) ስለዚህ ሰውና ስፕሬይ ስለምትባለው ጀልባው በብዙ ቋንቋ ብዙ ተጽፏል። እኛ ግን በዛሬው እሑድ ልናነሣ የወደድነው ሌሎች በአንድ ዐረፍተ ነገር ጠቅሰው የሚያልፏትን፣ ስፕሬይ በጀርባዋ አዝላ ያዞረቻትን አንዲት ትንሽ ጀልባ ነው። ጀልባ ማለትም ይበዛባታል፤ የጀልባ እኩሌታ ነበረች።

የባሕር ነገር ለደጋ ሰው እንግዳ ስለ ሆነ አስቀድሞ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። በሸራ ጀልባ ረጅም ጉዞ የሚያደርግ ሰው ሁለት ጀልባ ያስፈልገዋል። ትልቂቱ ማደሪያው፣ ማእድ ቤቱና መጓጓዣው ናት፤ ነገር ግን ሆዷ ወደ ውኃው ጠልቆ ስለሚገባ ወደ ዳር ልትጠጋ አትችልም። ራቅ ብላ መልሕቋን ጥላ ትቆማለች። ከዚያ ወዲያ ውኃ ለመቅዳት፣ ስንቅ ለመግዛት፣ የወደብ ሹም ዘንድ ቀርቦ ወረቀት ለማስፈረም፣ ሐኪም ለመጥራት የምትመላለሰው ትንሿ ናት። ትልቂቱ አሸዋ ላይ ብትቀመጥ መልሕቅ ጭና ወደ ጥልቁ ውኃ የምትወስደው እርሷ ናት፤ ትልቂቱ ብትሰጥምም ነፍስ የምታድነው እርሷው ናት። እንግሊዞች ዲንጊ ይሏታል። ዲንጊን መምረጥ ከሩቅ ለሚያየው ቀላል ነገር ይመስላል። ትልቅ ብትሆን ማን ያነሣታል? የትስ ትቀመጣለች? ትንሽ ብትሆን ደግሞ ምን ትሸከማለች? ካፒቴን ስሎከም ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው በመጋዝ ነው፤ መልሱም ነፍሱን ሊያሳጣው ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ስሎከም የተወለደው ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1844 ዓ.ም. በካናዳ ምሥራቅ ዳርቻ በምትገኘው በኖቫ ስኮሺያ ነው። የእናቱ አባት የባሕር መብራት ጠባቂ ነበሩ። አባቱ ግን እርሻቸውን ትተው በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ የዓሣ አጥማጆች ቦት ጫማ የሚሠሩ፣ እጅግ ቁጡ ሰው ነበሩ፤ ልጁም ገና በለጋነቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ከቆዳና ከወስፌ ጋር ይውል ጀመር። ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከአባቱ ተደብቆ አንዲት ትንሽ የመርከብ ምስል ከእንጨት ቀረጸ። አባትየው ደረሱበትና ምስሏን ሰባብረው ጣሏት፤ እርሱንም ገረፉት። በ1860 ዓ.ም. እናቱ ስትሞት ልጁ ያን ቤት ጥሎ ወጣ፤ ባሕርተኛም ሆነ። ከተራ ባሕርተኝነት ተነሥቶ፣ በየመርከቡ ወለል ላይ በማታ የመርከብ ምሪትን ትምህርት እያነበበ፣ ዕድሜው ሠላሳ ሳይሞላ የመርከብ አዛዥ ለመሆን በቃ። የአሜሪካ ዜግነትም ያገኘው በዚሁ ዘመን ነው።

በ1871 ዓ.ም. በአውስትራሊያ በሲድኒ ከተማ ቨርጂኒያ ዎከር የምትባል ወጣት አገባ። የጫጉላ ሽርሽራቸው ወደ አላስካ ሳልሞን ዓሣ ለማጥመድ የተደረገ ጉዞ ነበረ ማለት ይቻላል። እዚያም ማዕበል ተነሥቶ ዋሽንግተን የተባለችውን መርከቡን ከመልሕቋ ነቅሎ ከባሕሩ ዳር ጣላትና ተሰበረች። ስሎከም ግን ሚስቱን፣ ባሕርተኞቹንና የተጠመደውን ዓሣ አብዛኛውን ክፍል መከታ በሌላቸው ትንንሽ ጀልባዎች ጭኖ በሰላም ወደብ አገባ። እንግዲህ በወጣትነቱ የተማረው የመጀመሪያው ትልቅ ትምህርት ይህ ነው፤ ትልቂቱ ስትጠፋ የሚቀረው ትንሿ ጀልባ ነው።

ከዚያ በኋላ ለዐሥራ ሦስት ዓመታት ባልና ሚስቱ ከመርከብ መርከብ እየተዛወሩ በባሕር ላይ ኖሩ። ሰባት ልጆች ወልደው አራቱ አደጉላቸው። ስሎከም በሥራው ብርቱ፣ በአዛዥነቱም ጨካኝ ነው የሚባል ሰው ነበረ። በመርከቦቹ ላይ አመፅ ተነሥቶ ያውቃል፤ በ1887 ዓ.ም. የተነሡበትን ባሕርተኞች ለመከላከል ተኩሶ ሰው ገድሎ በብራዚል ፍርድ ቤት ቀርቦ በነፃ ተለቋል። ቨርጂኒያ ግን ይህን አላየችም፤ በ1884 ዓ.ም. አኩዊድኔክ በተባለችው መርከባቸው ላይ በቦነስ አይረስ ታማ ሞታለች። ልጆቹ በኋላ እንደ መሰከሩት ከዚያ ቀን ወዲህ አባታቸው መሪዋ እንደ ተሰበረ መርከብ ሆነ።

በ1887 ዓ.ም. መጨረሻ አኩዊድኔክም በብራዚል ዳርቻ ከአሸዋ ላይ ወጥታ ተሰበረች። ዋስትና ስላልነበራት የሰውዬው ሀብት ሁሉ በአንድ ቀን አለቀ። ከሁለተኛ ሚስቱ ከሄንሪዬታና ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋር በባዕድ አገር ዳርቻ ቀረ። ሌላው ሰው ቢሆን ቆንስላ ደጅ ይጠና ነበር። ስሎከም ግን ከስብርባሪው የተረፈውን መሣሪያ ይዞ፣ እንጨት ከዱር ቆርጦ፣ ርዝመቷ 35 ጫማ የሆነ ጀልባ ሠራ፤ ሸራዋን ሄንሪዬታ ሰፋችው። ጀልባይቱ ወደ ውኃ የገባችው ሜይ 13 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ በብራዚል ባርነት በዐዋጅ በቀረበት ቀን ስለ ነበረ ሊበርዳዴ ብሎ ሰየማት፤ በፖርቱጋል ቋንቋ ነፃነት ማለት ነው። በእርሷም ቤተ ሰቡን ጭኖ በዚያው ዓመት መጨረሻ ዋሽንግተን ከተማ ገባ። ለእኛ ነገር የሚጠቅመን ግን ይህ ነው፤ የሊበርዳዴን ቅርጽ ያወጣው እኩሌታውን ከጃፓን ሳምፓን፣ እኩሌታውን ደግሞ ዶሪ ከምትባለው የአሜሪካ ዓሣ አጥማጆች ታንኳ ነው። ዶሪ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በልቡ ነበረች።

ይሁን እንጂ ዘመኑ ተለውጦ ነበር። የእንፋሎት መርከብ ሸራውን ከባሕር እያስወጣው ስለ ሆነ ለአንድ የሸራ መርከብ አዛዥ የሚሆን ሥራ አልነበረም። በ1892 ዓ.ም. አንድ ጡረታ የወጡ የዓሣ ነባሪ አዳኝ፣ ካፒቴን ኢበን ፒርስ፣ ጥቂት ጥገና የሚያስፈልጋት መርከብ በነፃ ልስጥህ አሉት። ስሎከም ማሳቹሴትስ ውስጥ ወደምትገኘው ወደ ፌርሄቨን ሄዶ ቢያይ መርከቢቱ ከባሕር ርቃ፣ በሣር ሜዳ መካከል፣ በድንኳን ሸራ ተሸፍና ለዓመታት የቆመች በስባሳ ስፕሬይ ሆና አገኛት። ሽማግሌው የቀለዱበት ይመስላል። እርሱ ግን ቀልዱን እንደ ቁም ነገር ተቀብሎ በአካባቢው የቆመ ብርቱ የኦክ ዛፍ ቆርጦ አከርካሪዋን አወጣ፤ እንጨቷንም አንድ በአንድ ለወጠ። ሥራው 13 ወር ፈጀ፤ ከኪሱ የወጣው ገንዘብም 553 ዶላር ከ62 ሳንቲም ነበረ። የተሠራችው ጀልባ ርዝመቷ 11 ሜትር ከጥቂት፣ ወርዷ ከ4 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ፣ ሰፊና ጽኑ ነበረች። ሞተር የሚባል ነገር አልነበራትም።

ኤፕሪል 24 ቀን 1895 ዓ.ም. ከቦስተን ተነሣ። ወዲያው ወደ ውቅያኖሱ ግን አልገባም፤ በቅርብ ባለችው የዓሣ አጥማጆች ከተማ በግሎስተር ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። ስንቁን የሞላውም፣ ስለ ትንሿ ጀልባ የቆረጠውም እዚያ ነው። የቆረጠው ስንል ነገሩን በምሳሌ መናገራችን አይደለም።

ዶሪ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ጎኖቿ ወደ ውጭ የተዘረጉ፣ ርካሽና ጠንካራ ታንኳ ናት። የግሎስተር ዓሣ አጥማጆች መቀመጫዎቿን አውጥተው አንዷን በአንዷ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ደርድረው በመርከባቸው ላይ ይጭኗታል። ባዶዋን ስትሆን ትንቀጠቀጣለች፤ ጭነት ሲገባባት ግን ትረጋለች። ስሎከም አንድ የተጣለ አሮጌ ዶሪ አገኘ። ሙሉዋን ልውሰድ ቢል ስፕሬይ ላይ ሥፍራ የለም፤ ሥፍራ ቢገኝም ያለ ረዳት በማዕበል መካከል አንሥቶ ወደ ውኃ ማውረድና መልሶ ማውጣት ለአንድ ሰው የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ ወገቧ ላይ በመጋዝ ለሁለት ቈረጣትና የተቈረጠውን ጫፍ በሳንቃ ደፈነው። የቀረችው እኩሌታ አፍንጫዋ በሸራው መስቀያ ገመድ ተይዞ ያለ ችግር ትወጣለች፣ ትወርዳለች። በጀልባይቱ ወለል ላይም አግድም ልክ ትገባለች። ከዚህም በላይ ውኃ ሞልተውባት ልብስ ይታጠብባታል፤ ሰውም ገላውን ይታጠብባታል።

በዚህ ብልኀት ብንገረም አያስነውርም። በየመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግዢ ላይ ከተቀመጡት ሹሞች መካከል መጀመሪያ ዕቃው የሚገባበትን ክፍልና የሚያነሣውን ሰው ጉልበት ለክቶ ከዚያ በኋላ ወደ ገበያ የሚወጣው ስንቱ ነው? ስሎከም የለካው የራሱን ክንድና የራሱን የጀልባ ወለል ነው። ያልለካው ነገር አንድ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም በክፉ ቀን ትንሿ ጀልባ የምትጫነውን።

ጉዞው በመጀመሪያ ወደ ምሥራቅ ነበረ፤ በሜዲቴራኒያን ገብቶ በስዊዝ ቦይና በቀይ ባሕር ለማለፍ አስቦ ነበር። ጅብራልታር ላይ የእንግሊዝ ባሕር ኀይል መኮንኖች በዚያ መንገድ ብቻውን ለሚሄድ ሰው የባሕር ወንበዴ እንደሚያሰጋው ስለ ነገሩት ሐሳቡን ለውጦ አትላንቲክን መልሶ ወደ ምዕራብ አቋረጠ። የሚያስቀው ከሞሮኮ ዳርቻ ሳይርቅ ወንበዴዎች ማባረራቸው ነው፤ ከእነርሱም ያመለጠው ማዕበል የእነርሱን ምሰሶ ስለ ሰበረው ነው። በብራዚል በኩል ወደ ደቡብ ወርዶ በዲሴምበር 1895 ዓ.ም. ወደ ኡራጓይ ዳርቻ ደረሰ።

አንድ ሌሊት በጨረቃ ብርሃን ዳሩን ተጠግቶ ሲሄድ የአሸዋውን ኮረብታ አሳስቶ አየውና ስፕሬይ ከነሸራዋ ወጥታ አሸዋ ላይ ተቀመጠች። ማዕበሉ እየመታት ነው፤ ውኃውም እየሸሸ ነው። መርከብ ከአሸዋ የሚወጣበት ዘዴ የታወቀ ነው። ትልቁን መልሕቅ ወስዶ ወደ ጥልቁ ውኃ መጣልና ገመዱን ከጀልባው ሆኖ በመጠምዘዣ መሳብ፣ ባሕሩ ሞልቶ ሲመለስም እየጐተቱ መውጣት ነው። መልሕቁን ማን ይወስደዋል? እኩሌታዋ ዶሪ።

መልሕቁንና ገመዱን በአንድነት ሲጭንባት ገና ከዳሩ ማዕበል ሳታልፍ ውኃ ሞላባት። ገመዱን ቈርጦ ጭነቱን ለሁለት ከፈለው። 40 የባሕር ክንድ፣ ማለት ከ70 ሜትር የሚበልጥ ገመድ የታሰረበትን መልሕቅ ይዞ ሁለተኛ ቀዘፈ፤ ማዕበሉንም አለፈ። ነገር ግን ታንኳይቱ ታፈስ ነበርና መልሕቁ ከሚጣልበት ቦታ ሲደርስ እስከ ከንፈሯ ሞልታ መስጠም ጀምራ ነበር። ስሎከም መቅዘፊያውን ጥሎ ቆመ፤ መልሕቁን ከራሱ በላይ አንሥቶ ወደ ባሕር ወረወረው። ወዲያው ታንኳይቱ ተገለበጠች። እርሱም ከንፈሯን እንደ ያዘ ወደ ውኃው ገባ። ይህ ዕድሜውን በሙሉ በባሕር የኖረ ሰው ዋና የሚባል አያውቅም ነበር።

ታንኳይቱን ለማቅናት ሲታገል እንደገና ትገለበጥበታለች። ነፋሱ ወደ የብስ ሲነፍስ የውኃው ሞገድ ግን ወደ ውቅያኖሱ ይወስደዋል። ሦስት ጊዜ ወደ ውኃ ውስጥ ገብቶ ወጣ። የመጨረሻ ጸሎቱን ሊጀምር ሲል፣ እርሱ ራሱ በኋላ እንደ ጻፈው፣ ብቻህን አትችልም ብለው የተነበዩበትን ሰዎች ልክ ነበርን ማሰኘት አልፈልግም የሚል እልህ ያዘው። በአራተኛው ሙከራ ታንኳይቱን ቀስ ብሎ አቀናት፤ በጥንቃቄ ወጣባት፤ ከመቅዘፊያዎቹ አንዱን አግኝቶ በእርሱ እየቀዘፈ ከዳር ደረሰ። የቀረውን ገመድ ወስዶ ከመጀመሪያው ጋር ሲያገናኘው ጫፉ ከስፕሬይ መጠምዘዣ ላይ ለአንድ ዙር ብቻ በቃ። አንድ ክንድ ቢጐድል የሆነው ሁሉ ከንቱ ይሆን ነበር።

ደክሞት አሸዋ ላይ ጋደም ብሎ ሳለ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። አንድ በፈረስ የመጣ ልጅ ባለቤት የሌላት ጀልባ ያገኘ መስሎት ስፕሬይን በፈረሱ ሊጐትታት ሞከረ፤ እርሷ አልንቀሳቀስ ብትለው ዶሪዋን ጐትቶ ከአሸዋው ክምር ጀርባ በሣር ውስጥ ሸሸጋት። እንዲህ በአንድ ማለዳ ባለቤቷን ልታሰጥም የነበረችው ታንኳ ለአንድ ፈረስ ቀላል ጭነት ሆና ተገኘች። ባለቤቱ መኖሩ ሲታወቅ ልጁም ሌሎችም የአካባቢው ሰዎች ረዱት፤ ባሕሩ ሞልቶ ሲመጣም ስፕሬይ ተንሳፈፈች። በሞንቴቪዴዮ ወደብ የአንድ የእንግሊዝ መርከብ ኩባንያ ወኪሎች ያለ ክፍያ አደሷት፤ 20 ፓውንድም ጨመሩለት። አናጢዎቹ ዶሪዋንም ጠግነው ቀለም ስለ ቀቧት የገዛ ታንኳውን ለመለየት እስኪቸገር ድረስ አማረች።

ወጣት አንባቢዎቻችን ከዚህ በኋላ ስሎከም ያቺን እኩሌታ ታንኳ ጥሎ ሌላ ትልቅ ታንኳ ይገዛል ብለው ይጠብቁ ይሆናል። አልገዛም። በእኛ አስተያየት ልክ ነበረ። ማፍሰሷ በጥገና ይድናል፤ ጭነትም ለሁለት ለሦስት ይከፈላል። ለብቻው የማያነሣት ታንኳ ግን በመጀመሪያው ማዕበል ከወለሉ ላይ ተጠርጋ ትሄድበት ነበር፤ ወይም ለማውረድ እየሰነፈ ወደ የብስ መውጣቱን ይተው ነበር። የማጄላን ወሽመጥን በ1896 ዓ.ም. መጀመሪያ ሲያልፍ በሌሊት የሚመጡበትን የአገሩን ሰዎች ለመከላከል በወለሉ ላይ የምንጣፍ ምስማር መበተኑን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ማገዶና ውኃ በየወደቡ ያመላለሰችለትን ታንኳ ግን የሚያነሣት የለም። እውነተኛ ዋጋዋን ያወቀችላት በሳሞአ ደሴት የነበረች ልብስ አጣቢ ናት። ሴትዮዋ ያቺ ገንዳ መሳይ ታንኳ ሚስዮናውያን ካመጡላቸው ዕቃ ሁሉ የምትበልጥ አዲስ የልብስ ማጠቢያ መሣሪያ ሆና ስለ ታየቻት ካልሰጠኸኝ ብላ ያዘችው፤ እምቢታም አልቀበል አለች።

ከአውስትራሊያ በኋላ ስፕሬይ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሠራችው ሥራ በመርከበኞች ዘንድ እስከ ዛሬ ይወራል። ከተርስደይ ደሴት እስከ ኪሊንግ ኮኮስ ያለውን 2,700 ማይል በ23 ቀን ስትጨርስ ባለቤቷ መሪዋን የያዘው በጠቅላላው ከሦስት ሰዓት አይበልጥም ነበር። ራሷን በራሷ ትመራለች። ወደ ኪሊንግም በጁላይ 1897 ዓ.ም. ገባች።

ስሎከም ሁለተኛ በትንሽ ጀልባ ለሞት የቀረበው በዚሁ ጸጥተኛ ደሴት ነው። ለስፕሬይ ማመዛዘኛ ክብደት የሚሆኑ ግዙፍ የባሕር ዛጎሎች ሊያመጣ ከአንድ የደሴቲቱ ሠራተኛ ጋር በአንዲት አሮጌ ታንኳ ወጣ። ታንኳይቱ የእርሱ አልነበረችም፤ ሸራዋም የበሰበሰ ነበር። በመካከል ነፋስ መጣና ሸራውን ቀደደው፤ ታንኳይቱም ወደ ክፍቱ ባሕር መንሳፈፍ ጀመረች። ቢፈልግ በውስጧ መቅዘፊያ የሚባል ነገር የለም። መልሕቅ አለ፤ ገመዱ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሚጠጣ ውኃ ጠብታ እንኳ የለም። ነፋሱ በሚወስዳቸው አቅጣጫ ያለው የመጀመሪያው የብስ አፍሪካ ነው፤ እርሱም 3,000 ማይል ይርቃል። እንደ ዕድል ሆኖ አንድ ረጅም እንጨት ተገኘና በእርሱ እንደ መቅዘፊያ እየታገሉ፣ ነፋሱም ጥቂት ስላዘነበለላቸው፣ እግር ከሚተክለው ጥልቀት ደረሱ። ውቅያኖስን ያለ ረዳት የሚያቋርጥ ሰው ለአንድ ከሰዓት በኋላ ሽርሽር ሲወጣ መቅዘፊያ መኖሩን ሳያይ ወጣ። ልምድ ያለው ሰው የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው።

የቀረውን ጉዞ ባጭሩ እናሳልፈው። በሞሪሸስ፣ በደርባንና በኬፕ ታውን አለፈ፤ ምድር ጠፍጣፋ ናት ብለው የሚያምኑትን የትራንስቫል ፕሬዚዳንት ክሩገርንም አግኝቶ ነበር። በቅድስት ሔለና በኩል አድርጎ አትላንቲክን ለሦስተኛ ጊዜ አቋርጦ ጁን 27 ቀን 1898 ዓ.ም. ከእኩለ ሌሊት በኋላ ኒውፖርት ወደብ ገባ። ሦስት ዓመት ከሁለት ወር ከሁለት ቀን መሆኑ ነው። አሜሪካ ያን ጊዜ ከስፓኝ ጋር በጦርነት ላይ ስለ ነበረች ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ዝናው የወጣው መጽሐፉ በ1900 ዓ.ም. ሲታተም ነው።

በ1902 ዓ.ም. በማርታስ ቪንያርድ ደሴት እርሻ ገዛ፤ ገበሬነቱ ግን አልያዘለትም። በ1906 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ጀርሲ በነውር ሥራ ተከስሶ 42 ቀን በእስር ቆይቷል፤ የሕይወቱን ታሪክ የጻፉት ሰዎችም ይህን አልሸሸጉትም። ክረምት ሲመጣ ስፕሬይን ይዞ ወደ ምዕራብ ሕንድ ደሴቶች መውረድ ልማዱ ሆነ። እርሱም አረጀ፤ ጀልባይቱም ጥገና አጣች።

በ1909 ዓ.ም. የሚልዎኪ ከተማ ነዋሪ የሆነው፣ ኖርዌይ የተወለደው ኦሌ ኤቪንሩድ ከታንኳ ኋላ የሚንጠለጠል የቤንዚን ሞተር ለገበያ አወጣ። ከእርሱ በፊትም የሞከሩ ሰዎች ነበሩ፤ ነገሩን በሰፊው ያስለመደው ግን እርሱ ነው። ሞተሩ አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ክብደቱም 28 ኪሎ ያህል ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሸራ ጀልባ የሚጓዝ ሰው ሁሉ በስሎከም ጥያቄ ላይ ሌላ ጥያቄ ተጨመረበት፤ የትኛው ዲንጊ ብቻ ሳይሆን የትኛው ሞተር የሚል።

ዛሬ አብዛኛው መንገደኛ የሚይዘው በአየር የሚነፋ የጎማ ጀልባ ነው። ጭነት ትችላለች፣ በቀላሉም አትገለበጥም፤ ስሎከም በኡራጓይ እንዲህ ያለችው ብትኖረው መልሕቁን በአንድ ጊዜ ወስዶ በደረቅ ልብሱ ይመለስ ነበር። ዳሩ ግን ነፋስ ሲነሣ በመቅዘፊያ ማስኬድ እጅግ አድካሚ ስለ ሆነ ባለቤቷን የሞተር ጥገኛ ታደርገዋለች። የእንጨት ወይም የፋይበር ዲንጊ በመቅዘፊያ መልካም ትሄዳለች፤ ነገር ግን ሥፍራ ትይዛለች፣ ከትልቂቱም ጎን ስትላተም ታስቸግራለች። ሞተሩም እንደዚሁ ነው። ሁለት ተኩል የፈረስ ጉልበት ያለው 17 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን አንድ ሰው ከትልቂቱ ወደ ትንሿ አጐንብሶ ያቀብለዋል፤ ሁለት ሰውና አንድ ዘንቢል ይዞ ቀስ ብሎ ይሄዳል እንጂ አይሮጥም። 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ደግሞ የጎማዋን ጀልባ በውኃው ፊት ላይ ያበራታል፤ ሩቅ ያለውን ደሴት የጓሮ ያህል ያቀርበዋል። ነገር ግን በአራት ምት የሚሠራው ዐይነት ክብደቱ 50 ኪሎ ገደማ ነው። በማዕበል በሚወዛወዝ ወለል ላይ ቆሞ ይህን የሚያነሣ ብቸኛ ሰው አናውቅም፤ ማንሻ መዘውር ማቆም ግድ ይሆናል። በባትሪ የሚሠሩትም መጥተዋል፤ ቤንዚን የመሸከሙን አደጋ ያስቀራሉ፣ ርቀታቸው ግን አጭር ነው።

የእኛን አስተያየት የጠየቀን ባይኖርም፣ በትንሿ ጀልባ ጀርባ ላይ የተለጠፈውን የሞተር ልክ ማለፍ ሞኝነት ነው፤ ሞተር አለ ብሎ መቅዘፊያን በቤት መተው ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ቤንዚን ሲያልቅ ወይም ሞተሩ እምቢ ሲል ያች ታንኳ የኪሊንግዋ ታንኳ ትሆናለች። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ደግሞ የሞተሩን ጉልበት ከመጠየቁ በፊት ሚዛኑን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

ስሎከም የኤቪንሩድን ሞተር አልሞከረም። የእርሱም የመጨረሻ ጉዞ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በዚያው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ በኋላ መዛግብት የመረመሩ ሰዎች ወደ 1908 ዓ.ም. መልሰውታል። በኖቬምበር ወር ከማርታስ ቪንያርድ ተነሥቶ የኦሪኖኮን ወንዝ ለማየት ወደ ደቡብ አቀና። ከዚያ ወዲህ እርሱንም ስፕሬይንም ያየ የለም። አንዳንዶች በሌሊት የእንፋሎት መርከብ ገጭቶት ይሆናል ይላሉ። በ1924 ዓ.ም. በሕግ እንደ ሞተ ተቈጠረ።